የጀላል ሦስተኛ ወንበር

ባሌ ጀላል ወርቅ ሲገዛልኝ ነው ነገር የሸተተኝ። ዒድ አይደል፣ ሰርግ የለብን፣ እኔም ታምሜ አልተነሳሁ። ከአየር ጤና ሲመለስ አንዲት ትንሽ ሳጥን አውጥቶ «ያንቺ ናት ዙሀራ» አለኝ። ጉትቻ ነው። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን እኔ ኮልፌ ተወልጄ ያደግኩ ሴት ነኝ! እኛ ሰፈር ወንድ ያለ ምክንያት ለሚስቱ ወርቅ ከገዛ ሌላ ሊያገባባት ነው፤ ወርቁ አፍ ማዘጊያ ነው። «አላህ ይስጥህ» ብዬ ተቀበልኩት፣ ጆሮዬ ላይ ግን አላደረግኩትም።

ደግሞ ዝም ብዬ አይደለም የጠረጠርኩት። ከተጋባን ብዙ ዓመት ሆነን፣ ልጅ የለንም። ያልሄድንበት ሐኪም ቤት የለም። የጀላል አጎት ሀጂ ኑሕ፣ አባቱ ከሞቱ ወዲህ እንደ አባት የሚያያቸው ሰው፣ ባለፈው ዒድ እኔ ሻይ ይዤ ስገባ እንኳን ወሬያቸውን አላቆሙም። «ጀላል፣ ሸሪዓው ይፈቅድልሃል። ዙሀራም አስተዋይ ናት፣ አትጠላም» አሉት። አትጠላም! ማን ጠየቀኝ? ጀላል አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ጠጣ እንጂ «አልፈልግም» አላለም። አንጀቴን ያሳረረኝ እሱ ነው።

ወርክሾፑ የተቆለፈው ከዚያ ዒድ ወዲህ ነው። ጀላል የመኪና ቦዲ ሠሪ ነው፤ ቀን ጋራዥ ይውላል፣ ሲመለስ ጓሯችን ባለችው የቆርቆሮ ወርክሾፕ ውስጥ ሲበይድና ሲቀጠቅጥ ያመሻል። በፊት በሩ ክፍት ነበር፤ እኔም ገብቼ እየተጨቃጨቅን ቡና እንጠጣ ነበር። ልጅ እያለ ቪዲዮ ቤት ያየውን የጠፈር ፊልም ሺህ ጊዜ የነገረኝ እዚያ ነው፤ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም፣ ያንቀላፋኛል። አሁን ግን በሩ ላይ ቁልፍ፣ ከበሩ ኋላ ሸራ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«የሰው ሥራ ነው። ሲያልቅ ታዪዋለሽ።»

«የማን ሰው?»

«አታውቂውም።»

ወይ አለመተዋወቅ! ኮልፌ ውስጥ እኔ የማላውቀው ሰው ከየት መጣ? ቅመም ስሸጥ አገሩ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚውለው።

ቀጥሎ ጎላዬን ብፈልገው የለም። እናቴ ለሰርጌ የሰጠችኝ፣ የሰፈር ድግስ ሁሉ የተበላበት ትልቅ ድስት። «ለሰው አውሰነው ይሆናል» አለኝ ዓይኔን ሳያይ። ከዚያ ስፖንጅ ተሸክሞ ገባ። መብራት ገባ። ባለ አበባ ሳይሆን ሰማያዊ፣ ውድ የሚመስል ጨርቅ በጥቅል ገባ። ገበያ አጠገቤ ፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጠው ሶፊ ይሄን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንቺ፣ ሰውዬው ቤት እያደራጀ ነው እኮ! ድስት ወሰደ፣ ስፖንጅ ገዛ፣ መብራት ገዛ። ምን ቀረው? ሙሽራዋ ብቻ!»

«ዝም በይ ሶፊ» አልኳት። እሷ ያለችውን እኔ ቀድሜ አስቤው ነበር።

አርብ ዕለት ጀላል ለጁምዓ እንደወጣ በር ተንኳኳ። ኢብራር ነው፣ የታክሲ ወንበር የሚሰፋው። በባጃጅ ሁለት ትላልቅ ወንበሮች ጭኖ መጥቷል፤ ሰማያዊው ጨርቅ ለካ እዚያ ላይ ነው ያለቀው። ሁለቱን አወረደና ከሥር ሦስተኛ አወጣ። ትንሽዬ፣ ከጉልበቴ የማትበልጥ፣ ቀበቶ ያላት።

«ይቺስ?»

«የልጅ ናት ዙሁዬ። ልኩን ራሱ ነው የሰጠኝ። ከሁሉ ይቺን አሳምራት ብሎኛል።»

ለካ ሊያገባ አይደለም፤ አግብቷል። አግብቶም ወልዷል! እኔ ሌሊት ሌሊት አላህን ስለምን እሱ ለልጁ ወንበር ያሰፋል። ኢብራርን በምን አፌ እንደሸኘሁት አላውቅም። ጀላል ከመስጊድ ሲመለስ በመስኮት አየሁት። ትልልቆቹን እየጎተተ አስገባቸው። ትንሿን ግን አቀፋትና አቧራዋን በእጅጌው ጠረገላት። በቁሜ የቀበረኝ ያ ነው።

አላለቀስኩም። ሻንጣዬን አዘጋጀሁና አልጋ ሥር ደበቅኩት፤ ነገሩ እውነት ከሆነ ነገ እናቴ ቤት ነው የማድረው። ከዚያ ታክሲ ይዤ ጦር ኃይሎች፣ ሀጂ ኑሕ ሱቅ ሄድኩ።

«ሀጂ፣ ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ ቤት ይምጡልኝ።»

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«እርስዎ አያጡትም።»

ፊታቸውን አየሁት። የተደነቁ መሰሉ። አላመንኳቸውም፤ ሳያውቁ ይቀራሉ? ራሳቸው የዘሩትን ራሳቸው ፊት ይከፈት ብዬ ነው የጠራኋቸው።

በማግስቱ ሻንጣዬን በር ሥር አወጣሁት፤ ሀጂም መጡ። ሶፊም ወንፊት ልዋስ ብላ መጣች፤ ወንፊት እንዳላት አውቃለሁ። ጀላል እጁ ነጭ ቀለም በቀለም ሆኖ ከጓሮ ብቅ ሲል አጎቱን አይቶ ደነገጠ።

«ክፈተው» አልኩት።

«ዙሀራ፣ አላለቀም እኮ...»

«ሀጂ ፊት ክፈተው። ካልሆነ ፍታኝ!»

በሩ ሥር ያለውን ሻንጣ ያኔ ነው ያየው። ፊቱ አመድ መሰለ። ቁልፉን አወጣ፣ በሩን ከፈተና ሸራውን ገለጠው።

ነጭ ነው። ሚኒባስ ያህላል፣ ግን ጎማ የለውም፣ በብረት እግር ቆሟል። አፍንጫው ሾጣጣ፣ ጎንና ጎኑ አጭር ክንፍ። አናቱ ላይ የእኛ ዲሽ! ሰሞኑን ቴሌቪዥኑ እምቢ ያለኝ ለካ በዚህ ነው።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ሀጂ። «አውሮፕላን ነው?»

«መንኮራኩር ነው ሀጂ። ከፊልሙ ላይ። በልኩ ነው የሠራሁት፣ አንድ ስንዝር አላጎደልኩም።»

«ይበራል?» አለች ሶፊ።

«አይበርም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?» አሉ ሀጂ።

ጀላል አንገቱን አከከ። «ምንም። አማረኝ።»

ሶፊ ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን ገና አልለቀቅኩትም። እንዲህ በቀላሉ እሸወዳለሁ? መሰላሉን ወጥቼ ገባሁ። የሴት ሽታ፣ የሴት ፀጉር፣ የሆነ ነገር ፈለግኩ። ሰማያዊ ወንበሮች ሁለት ከፊት፣ ከኋላቸው መሃል ላይ ትንሿ በብሎን ታስራ።

«ይቺ የማን ናት?» አልኩት ቀበቶዋን ይዤ። «ስሙን ንገረኝ። የማን ልጅ ነው?»

ጀላል በሩ ላይ ቆሞ ለአፍታ አልገባውም። ሲገባው ዓይኑ እንባ ሞላ።

«የማንም። ፊልሙ ላይ የሚነዱት ባልና ሚስት ናቸው። ሲነሱ ሦስተኛ ወንበር ገጥመው ነው የተነሱት፣ ልጅ ይመጣል ብለው። ፊልሙ ያልቃል፣ አይመጣም። ልተዋት ነበር፤ እሷ ከሌለች ደግሞ ያ መንኮራኩር አይሆንም።»

ሀጂ ኑሕ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እና ሁለቱ ምን ይሆናሉ?»

«ይሄዳሉ ሀጂ። ሁለቱ ይሄዳሉ።» ጀላል ወደ እሳቸው ዞረ። «ዒድ ለት ልመልስልዎ ነበር፣ አክብሬዎት ዝም አልኩ። ሌላ ሚስት አልፈልግም። ልጅ ባይሰጠንም አልፈልግም።»

ሀጂ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። «እሺ» አሉ ቀስ ብለው። «አውፍ በይኝ ዙሀራ፣ ይቅር በይኝ።»

እንባዬ ቀደመኝ። አንደኛው ትልቅ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ይመቻል፣ ያ ኢብራር ሙያ አለው።

«ጎላዬስ?» አልኩት አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

ጀላል በጣቱ ወደ ኋላ አሳየኝ። መንኮራኩሩ እሳት በሚተፋበት በኩል፣ ብር ቀለም ተቀብቶ፣ ቂጡ ተበስቶ! «ለሱ ካሳ ነው ጉትቻውን የገዛሁልሽ» አለኝ።

«አንተ ሌባ!»

ሶፊ ሻንጣዬን ከበሩ ሥር ተሸክማ መጣች። «ይሄንንስ የት ላድርገው?»

«እዚያ» አልኳት፣ ወደ ትንሿ ወንበር እያሳየሁ።

ጀላል ተቀብሏት አስቀመጠው፤ ቀበቶውንም አሰረለት።