የቅዳሜው አስተያየት

የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ፍሪዳ ዛልስማን የቤተ መጻሕፍቱን ብሎግ ስትከፍት፣ ዳይሬክተራችን ረቢ ታነንባውም የከለከሉት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የልጆቹ ፎቶ እንዳይወጣና የቤተሰባቸው ስም እንዳይጻፍ። የሰዓቱን ነገር ያሰበ ሰው አልነበረም።

እኔ እዚያው፣ ቶሮንቶ ባተርስት ጎዳና ላይ ባለው የአይሁድ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት፣ ታሪክ አስተምራለሁ። ክፍሌ ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለዚህ ነገሩን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን ፍሪዳ ነግራኛለች።

አሠራሩ ቀላል ነበር። በየሳምንቱ አንዲት ልጅ ስላነበበችው መጽሐፍ ትጽፋለች፤ ሌሎቹ ከሥር አስተያየት ይሰጣሉ። ፍሪዳ የሚጻፈውን ሁሉ አስቀድሜ ካላየሁ አላለችም። "ክርክር ፈቃድ ሲጠብቅ ይቀዘቅዛል" ትል ነበር። ልጆቹ ወደዱት። በምሳ ሰዓት ዞር ብለው የማይተያዩት ሁሉ ቤታቸው ሲገቡ እዚያ ላይ ይነታረኩ ጀመር።

የስምንተኛ ክፍሏ ኦርሊት ካልተጠየቀች የማትናገር ልጅ ነበረች። ስትጠየቅም መልሱን የምትነግረው ለጠረጴዛዋ ነው። ብሎጉ ላይ ግን ሌላ ሰው ሆነች። አጭር ትጽፋለች፤ የጻፈችው ግን ይነድፋል።

በጥር ወር ተራው የፔኒና ሆነ። ፔኒና የክፍሉ አውራ ናት፤ እናቷም የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። የጻፈችው ስለ አንድ ልብ ወለድ ነበር፤ ወንድሟ ጦር ሜዳ ሄዶ ወሬው ስለጠፋባት ልጅ። ወንድምየው ደብዳቤ ያልጻፈው ፈሪ ስለሆነ ነው ብላ ደመደመች። ኦርሊት ከሥር መለሰችላት፦ "ፈሪ አይደለም። የሚለው ጠፍቶበት ነው። ዝም ያለ ሰው ሁሉ የረሳ ይመስልሻል?"

ጥሩ መልስ ነበር። ጣጣው ከመልሱ ሥር ማሽኑ ራሱ የሚያትማት ትንሽ መስመር ናት፤ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

በእኛ ዘንድ ሰንበት ከዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ማታ ኮከብ መውጫ ነው፤ ያን ጊዜ ኮምፒዩተር የሚነካ የለም። ቢኖርም አይታወቅም።

እሁድ ጠዋት ፔኒና "መልካም ሰንበት፣ ኦርሊት!" ብላ ጻፈች። ከዚያ ሌሎቹ ተከታተሉ። አንዷ "እናንተ ቤት ቅዳሜ የሚውለው መቼ ነው? ማክሰኞ?" አለች። ሌላዋ ሳቅ ብቻ ጻፈች። ፍሪዳ ሰኞ ጠዋት ገብታ ሁሉንም አጠፋችው፤ ግን ያላነበበ አልነበረም።

ምሳ ላይ ኦርሊት አጠገቧ ለተቀመጠችው ልጅ ብስኩት ዘረጋችላት።

"ኮሸር ነው?" አለች ልጅቷ፤ በሕጋችን የሚበላ ነው ወይ ማለቷ ነው።

"እዚሁ ማዶ ካለው ሱቅ ነው የገዛሁት። ማኅተሙን እዪው።"

"አይ፣ ይቅርብኝ። ጠግቤያለሁ።"

ኦርሊት ብስኩቱን ወደ መያዣው መለሰች፤ መያዣውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አላለቀሰችም።

ከሰዓት በኋላ ረቢ ታነንባውም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጡ። የፔኒና እናት ደውለውላቸው ነበር። እኔ ካርታ ልመልስ ገብቼ እዚያው ነበርኩ።

"ወይዘሮ ዛልስማን፣ የዚህ ነገር ሰዓት ሊሳሳት አይችልም?"

"እንዴት ማለትዎ ነው፣ ረቢ?"

"ማለቴማ... የብሎጉ ኩባንያ ባለቤቶች ሌላ አገር አይደሉም? እዚያ ደግሞ ሌላ ሰዓት ነው።"

ፍሪዳ ሰዓቱን ጠዋት አረጋግጣዋለች፤ ዝንፍ አላለም። ረቢውን ቀና ብላ አየቻቸው። አዎ እንድትላቸው ፈልገው ነበር፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለልጅቷ ብለው።

"ሊሆን ይችላል" አለች።

ይህ "ሊሆን ይችላል" በማግስቱ ምሳ አዳራሽ ሲደርስ "ተሳስቷል" ሆነ። ረቢው በልጆቹ ፊት ቆመው፣ "የማሽኑ ሰዓት ተሳስቷል። ማሽን አምናችሁ እህታችሁን አትሙ" አሉ። ልጆቹ ወደ ምሳቸው ተመለሱ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ኦርሊት ግን ትምህርት እንዳበቃ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ከፍሪዳ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

"ሚስስ ዛልስማን፣ ሰዓቱ ልክ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን...?"

"ላንቺ ብለን ነው።"

"ለእኔ ከሆነ ይቅር። አሁን ደግሞ ውሸታምም ሆንኩ።"

"አንቺ እኮ ምንም አላልሽም።"

"እሱ ነዋ!"

ከዚያ በብሎጉ ላይ ተራዋ መቼ እንደሆነ ጠየቀች። የሚቀጥለው ሳምንት ክፍት ነበር። ጥግ ካለው ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጣ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ጻፈች፦

"ሰዓቱ ልክ ነው። የጻፍኩት ቅዳሜ ነው፣ አባቴ ቤት። እናቴ ቤት ሰንበት እናከብራለን። አባቴ አያከብርም፤ እሱ ጋ የምሆነው በየሁለት ሳምንቱ ነው። ዓርብ የሰንበት ሻማ እኔ አበራለሁ። ሻማው እስኪያልቅ ቴሌቪዥኑን ያጠፋልኛል፤ የሚወደው የሆኪ ግጥሚያ ቢኖርም። ያን ቅዳሜ እሱ ተኝቷል። እኔ መጽሐፉን ጨረስኩ፤ የማወራው ሰው አልነበረም። መጻፍ እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ጻፍኩ።"

ፍሪዳ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ይሄ የቤተሰብሽ ጉዳይ ነው፤ እናትና አባትሽን ሳልጠይቅ አላወጣውም" አለቻት። እናቷ በስልክ "እሷ ከፈለገች ይሁን" አሉ። አባትየው ግን ራሱ መጣ።

ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያየው ሰው አልነበረም። በሥራ ልብሱ ነው የመጣው፤ ራሱ ላይ ጣል ያደረጋት የአይሁድ ቆብ፣ በሩ ላይ ቆብ ላልያዙ ወንዶች ከተቀመጠው ሣጥን የተዋሳት ናት። አርማንድ ይባላል።

"ቁልፍ ሠሪ ነኝ" አለ። "ቅዳሜም እሠራለሁ፤ አልደብቅዎትም።"

"አልጠየቅንዎትም።"

"ባትጠይቁም። የእናንተ ሰፈር ሰው እኮ ቅዳሜ በሩ ቢቆለፍበት አይደውልልኝም፤ ስልክ አይነካማ! ኮከብ እስኪወጣ በረዶ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ነው ስልኬ እረፍት የሚያጣው።"

ፍሪዳ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ማንበብ ጀምሮ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። ሲጨርስ እንደገና ወደ መሃሉ ተመለሰ።

"ሆኪውን ጽፋዋለች" አለ። "ልብ ያለችው አልመሰለኝም ነበር።"

"ይውጣ?"

"ስሜ የለበትም አይደል?"

"የለበትም።"

"ቢኖርበትም ይውጣ።" ቆቧን ከራሱ አንስቶ እጁ ላይ ሲያያት ቆየ፤ መልሶ አደረጋትና ወጣ።

የቀሩት ረቢው ነበሩ። ፍሪዳ ጽሑፉን ቢሯቸው ወሰደችላቸው፤ ቆመው አነበቡት።

"እኔ እኮ ተሳስቷል ብዬ በልጆቹ ፊት ተናግሬያለሁ" አሉ።

"ሊሆን ይችላል ያልኩዎት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ሊሆን ይችላል አሉ። ተሳስቷል ያልኩት እኔ ነኝ።" መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ጠረጉ። "ይውጣ። ግን እሁድ ይውጣ።"

እሁድ ወጣ። ሰኞ ምሳ ላይ ረቢ ታነንባውም አዳራሹ መሃል ቆሙ። "ሰዓቱ ልክ ነበር። ልክ ያልነበረው የእኔ ንግግር ነው። ብሉ" ብለው ወጡ። ረቢ ልጆች ፊት እንዲህ ሲሉ እኔም ሰምቼ አላውቅም። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ማንኪያ ያነሳ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የተደበላለቀ ነው። ጥቂት ወላጆች ተቆጥተው ደወሉ። ሁለት ልጆች ብሎጉ ላይ እንዳይጽፉ ተከለከሉ። ፍሪዳ የአስተያየቱን ቦታ ዓርብ ከሰዓት መዝጋት፣ ሰንበት ሲወጣ መክፈት ጀመረች። ለኦርሊት ጽሑፍ ሦስት ልጆች መልስ ሰጡ፤ አንዷ "የእኔም አባት" ብቻ ብላ ጻፈች።

ፔኒና ምንም አልጻፈችም። ከፉሪም በዓል በኋላ ልደቷ ሆነና ክፍሉ ሁሉ ተጠራ፤ ኦርሊት ግን አልተጠራችም። የፔኒና እናት እንቢ ብለው ነው። በማግስቱ ፔኒና አንድ ትልቅ ቁራጭ ኬክ በፎይል ጠቅልላ ኦርሊት የምታነብበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

"ቸኮሌት ትወጃለሽ?"

"የማይወድ አለ እንዴ?"

"ሹካ ግን አንድ ነው ያመጣሁት።"

"በየተራ ነዋ።"

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መብላት ክልክል ነው። ፍሪዳ ማስቲካ ያኘከች ልጅ እንኳ ኮሪደር ድረስ የምታባርር ሰው ናት። ያን ቀን መጽሐፍ ላይ ቁጥር መለጠፏን ሳታቋርጥ፣ "ፍርፋሪውን አንሱ" ብቻ አለች።

ጓደኛ ሆኑ ልል አልችልም። በመስከረም ኦርሊት ለአባቷ ቤት ወደሚቀርብ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረች።