የተከላካይዋ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር

ይህ ወሬ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው፤ አንዲት ፍሬ ውሸት ከተገኘበት ያወራው ምላስ ይቆረጥ፣ የጻፈው እጅ ይድረቅ።

የሴቶች እግር ኳስ ቡድኑን ስምንት ቁጥር ለባሽ አማካይ «ሳንባ» ይሏታል። እንዲያው በከንቱ አይደለም። የመጨረሻው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ እንኳ «ላቤን ላድርቅ» ብላ ሜዳውን ሰባቴ ትዞር ነበር፤ አንድ ቀን ፈረስ አይቷት ኮቴውን ነቅሎ ሊሸልማት ምንም አልቀረውም። በረኛ ዓይንና እጅ፣ አጥቂ እንደ ጥይት የምትተኮስ አጭር ሩጫ ካላት ይበቃታል። የመሃል ተከላካይ ትዕግሥትና ጠንካራ ግንባር ይዛ ቦታዋን ትጠብቃለች። አማካይ ግን ቡድኑ ሲጠቃም ሲያጠቃም እዚያው መገኘት አለባት፤ ትንፋሿ ካለቀ አለቀላት።

ተጫዋቾቹ ከማሊያ ሥር፣ ጀርባው ላይ ሩጫ የሚቆጥር መሣሪያ ያለበት ሰደርያ ይለብሳሉ። ሰኞ ጠዋት አሰልጣኟ የቅዳሜውን ጨዋታ የሩጫ ቁጥር መልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ሳንባ ሰባት ኪሎ ሜትር። «ግንቧ» የሚሏት የመሃል ተከላካይ አሥራ አንድ።

«ከእሁድ ጀምሮ ተቀያሪ ነሽ» አለቻት አሰልጣኟ። «በሰባት ኪሎ ሜትር መሃል ሜዳ አይያዝም።»

ሳንባ ምንም አልተሰማትም። እግሮቿን አየቻቸው፤ ሰው ረስቷቸው የሄደ ዕቃ ይመስላሉ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከመሃል ሜዳ ሌላ የምታውቀው ቦታ የለም። አፏ ብቻ በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

«ሰደርያው ተቀያይሯል! የኔን የለበሰችው ግንቧ ናት። ተከላካይ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ስትሮጥ የት ታይቷል? በመሃሉ ገበያ ደርሳ ተመለሰች እንዴ?»

«ከሄደች አይቀር ለኛም ሎሚ ብትይዝልን ምናለ!» አለች አጥቂዋ፤ በሳቁ ከጣሪያው ሦስት ቆርቆሮ ተነቀለ።

ትጥቅ ያዡ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሰደርያዎቹ ቁጥር በእጥበት ለቋል፣ ልጄ። ዓይኔም ደክሟል። ቀያይሬው ይሆናል፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ፤ በቀትር ኮከብ የሚቆጥር ዓይን ያላቸው ሰው።

አሰልጣኟ ልታርመው እስክሪብቶ አወጣች። ሳንባ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም።

ግንቧ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። ቀና ሳትል፣ ድምፅዋንም ሳታነሳ ተናገረች።

«ጋሼ አልቀየሩም። አሥራ አንዱ የኔ ነው። ከእረፍት በኋላ መመለስ ሲያቅትሽ ቦታሽን እየወጣሁ የምሸፍንልሽ እኔ ነኝ፣ እህቴ። አራት ጨዋታ ሆነ። ቅዳሜ ግን ትቼው በወጣሁት በኩል ጎል ገባ።»

አሰልጣኟ እስክሪብቶዋን ኪሷ መለሰች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሳንባ።

«የምታውቂ መስሎኝ።»