ከበር የሚመለሱ ሆዶች

«ክቡራትና ክቡራን አድማጮቻችን፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደብዛው ጠፍቶ የቆየው የግራ እግር ካልሲ ዛሬ ረፋዱ ላይ ከሶፋው ሥር በሕይወት የተገኘ መሆኑን በታላቅ ደስታ እናስታውቃለን። ካልሲው በአሁኑ ሰዓት በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል። የጠፋበት ምክንያት በመጣራት ላይ ነው።»

አባት ይህን ብለው ካልሲውን አጠለቁት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬዲዮ ዜና ሲያነቡ ኖረዋል፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ዜናውን እዚያው ቤት ውስጥ ያመርቱታል። የቧንቧው መንጠባጠብ፣ የጎረቤት ድመት መውለድ፣ የሽንኩርት ማለቅ፣ ሁሉም በዚያ ማር የተቀባ በሚመስል ወፍራም ድምፅ ይታወጃል። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሬዲዮ» ይላቸዋል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ሲሉ እንኳ ሰው ሁሉ አንዳች ትልቅ ነገር የሆነ መስሎት ዝም ይላል።

«የሆድህንስ ዜና መቼ ነው የምታነብልን?» አለች ልጃቸው፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያንጠለጠለች።

«በጉዳዩ ላይ እስካሁን የደረሰን ነገር የለም።»

ደርሷቸዋል እንጂ። ከሁለት ወር በፊት አንዲት የአንጀት ሐኪም ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አንጀታቸው ውስጥ አስገብታ ስታይ፣ አንዲት ትንሽ እብጠት እንደ እንጉዳይ አንገቷን ከግድግዳው ብቅ አድርጋ አገኘቻት። እዚያው እንዳትቆርጣት አባት ደም የሚያቀጥን ክኒን ይወስዳሉ፤ ደሙ አልቆም ቢልስ ብላ ፈራች። «ክኒኑን ከቀጠሮው አምስት ቀን ቀደም ብለው ያቁሙ፤ የልብ ሐኪምዎም ፈቅደዋል» አለቻቸው። «ሆድዎን ሳንከፍት፣ በቱቦው ውስጥ በምትገባ የሽቦ ቀለበት አንቀን እናወጣታለን። ዛሬ ጨዋ ናት። ብንተዋት ግን ጠባይዋ ሊከፋ ይችላል።» ቀጠሮው ለመጪው ሰኞ ነው። አባት ከዚያች ቀን ጀምሮ «ሆዴን ለሽቦ አልሰጥም» ብለው ድርቅ አሉ።

የልጃቸው እንጀራ ደግሞ ይህችው ሽቦ ናት። የሕክምና መሣሪያ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ፣ ሆድ ሳይከፈት ጨጓራና አንጀት ውስጥ ገብተው የሚቆርጡ መሣሪያዎች በሚመጣው ዓመት ምን ያህል እንደሚፈለጉ በየዓመቱ የምትጽፈው እሷ ናት። የቢሮው ሰው «ተንባይዋ» ይላታል። የሽያጭ ክፍሉ ቀልደኛ ባገኛት ቁጥር «የድሮ ሰው ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላል፤ እኛ ግን ማጭዱን ለሆዱ ለራሱ ሸጥንለት!» እያለ ብቻውን ይስቃል።

ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከፊት ለፊቱ የውኃ ታንከር ላይ ነጥራ ስትገባ ጣሪያው ላይ ብርሃን እንደ ዓሣ ይዋኛል። ተንባይዋ ያን ጊዜ ከናሙናው ሣጥን የሽቦ ቀለበቷን ታወጣና እጀታዋን ጨበጥ ለቀቅ ታደርጋለች። ቀለበቷ ትከፈታለች፤ ትዘጋለች፤ እንቅልፍ እንደመጣው ዓይን። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ቀስ ብሎ ኮረብታ ይሆናል። ኮረብታውን ሰዎች ተሰልፈው ይወጡታል፤ የእያንዳንዳቸው ሆድ ከውስጥ በርቶ እንደ ፋኖስ ያበራል፤ ማንም ማንንም አይገፋም። እሷም አገጯን በእጇ ደግፋ ከኋላቸው ትሄዳለች።

«መስመሩ ሽቅብ ነው የሚሄደው ወይስ ሽቅብ ነው የሚሄደው?» ይላል ዋና ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ። ከሕልሟ የሚያወጣት እሱ ነው።

«ሽቅብ ነው።»

«ጎሽ! ሆድ ከአገር ይሰፋል። ይህቺን መግቢያው ላይ አስገቢልኝ።»

በዚያ ሁሉ ሽቅብ ውስጥ አንዲት ቁልቁል የምትጎትት ረድፍ አለች፤ «ከበር የሚመለሱ» ትባላለች። ቀጠሮ ይዘው፣ ሆዳቸውን አጥበው፣ ሆስፒታሉ በር ድረስ መጥተው «ኧረ ይቅርብኝ» የሚሉ ሰዎች ማለት ነው። ከእሷ በፊት የነበረው ተንባይ «ከመቶ ሦስት» ብሎ ጽፎ ሄደ። ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ የለም፤ ምሳ ላይ ሚስቱን ጠይቆ ነው የሚሉም አሉ። እሷም በየዓመቱ ሦስቷን እንደ አደራ ዕቃ ከወረቀት ወደ ወረቀት ስታሸጋግር ኖራለች።

አባትና ልጅ አንድ ልማድ አላቸው። ትንበያው ለሥራ አስኪያጁ ከመሄዱ በፊት፣ አባት የምግብ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብለው በሬዲዮ ድምፃቸው ያነቡታል። በዚያ ድምፅ ሲነበብ ያነከሰ ዓረፍተ ነገር ይታረማል። በዚህ ድምፅ የተነበበ ነገር ደግሞ፣ እውነት ይሁን አይሁን፣ እውነት ይመስላል፤ ልማዱ የቆየውም ለዚሁ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አባት መነጽራቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«በመጪው ዓመት ሆድ ሳይከፈት የሚሠሩ የጨጓራና የአንጀት መቁረጫ መሣሪያዎች ገበያ አመርቂ ዕድገት እንደሚያሳይ ይጠበቃል። የዕድገቱ ዋነኛ ምንጭ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ሆዶች ናቸው...» ቀና አሉ። «ሰዎቹስ? ወጥተው ነው?»

«የት?»

«ሆዶቹን ብቻቸውን ነው እኮ ያመጣሻቸው።»

«አባዬ፣ ዝም ብለህ አንብብ።»

አነበቡ። ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው፤ መስኮቱ ላይ ያለው መጋረጃ ራሱ የሚያዳምጥ መሰለ። «ከበር የሚመለሱ» የምትለው ረድፍ ጋ ሲደርሱ ፊታቸው በራ።

«ይኼማ እኔ ነኝ! ከመቶ ሦስት! ከሦስቱ ስንተኛው ነኝ?»

«አባዬ!»

«ሌሎቹን ሁለቱን ባገኛቸው ደስ ይለኛል። ማኅበር እናቋቁማለን። በይ እንግዲህ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ቀሪውን አንቺ አንብቢው።»

ወረቀቱን ተቀበለች። ከተውት ረድፍ ልትቀጥል አፏን ከፈተች። ዓይኗ ሦስቷ ላይ ቀረ። ሦስት ሰዎች፣ ኮት የለበሱ፣ ከበር ተመልሰው በአንድ ረጅም ጎዳና ላይ ወደ ኋላ ሳያዩ ሲሄዱ ታዩዋት። የመሃለኛውን አረማመድ ታውቀዋለች።

«ምነው?» አሉ አባት።

«እኛ ሠንጠረዥ ውስጥ» አለች፣ «ከበር የተመለሰ ሰው እዚያው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ረድፍ የለውም። ቤቱ ገባ፣ አልገባ፣ በዓመቱ ምን ሆነ... የጠየቀኝ የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።» ከዚያ እንባዋ መጣ፤ እንደ ትልቅ ሰው አይደለም፣ አፍንጫዋን ጭምር አስተባብሮ።

አባት ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጨው ዕቃ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አንቀሳቀሱት። «ከዚህ ቀጥሎ ቀለል ያለ ሙዚቃ እናሰማለን» ብለው ተነሡና አበባ ሊያጠጡ ወጡ። አበባዎቹ ያን ዕለት ሦስት ጊዜ ጠጡ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሱቅ ስትመለስ፣ አባት ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ትልቅ ማሰሮ የሚያህል ጆግ ፊት ለፊታቸው ገትረው ተቀምጠዋል። ሐኪሟ የሰጠቻቸው የሆድ ማጠቢያ ዱቄት በውኃ ተበጥብጧል። አንዱን ብርጭቆ ጨርሰው ሁለተኛውን ይዘዋል።

ተንባይዋ ካጠገቧ ያረፈች ወፍ እንዳትበርባት እንደምትፈራ ሰው ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ምን ምን ይላል?» አለች።

«ባሕርና ሎሚ ተጣልተው በመሃላቸው የተገኘሁ ነው የሚመስለኝ።» ጨለጡት። ከዚያ ፊታቸው ድንገት ተለዋወጠ። «አድማጮቻችን፣ በቴክኒክ ችግር ምክንያት ሥርጭታችን ለጥቂት ጊዜ ይቋረጣል» አሉና ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ እየተውለበለበ ወደ መጸዳጃ ቤት ገሰገሱ።

ደስታዋ ወሰን አጣ። ደስታ ሰውን ሁሉ በየሙያው ነው የሚያሳብደው፤ ዘፋኝ ቢሆን ይዘፍናል፤ እሷ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ሦስቷን ሰረዘችና አንድ ተኩል አደረገቻት። ከሥሩም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የቤተሰብ አባል በታካሚው ፊት ሲያለቅስ፣ ከበር የሚመለሱት ቁጥር በግማሽ እንደሚቀንስ በተደረገ ጥናት ተረጋግጧል።» ጥናቱ የተደረገው አንድ የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ አባትና በአንዲት ልጅ መካከል መሆኑን ለማስፈር ቦታ አልበቃትም። ላከችው።

ሰኞ ጠዋት ነርሷ የአባትን ክንድ ይዛ የደም ግፊታቸውን እየለካች ጠየቀች። «ደም የሚያቀጥነውን ክኒን መቼ አቆሙ፣ አባት?»

ተንባይዋ ልቧ ከደረቷ ወጥቶ ወለሉ ላይ የወደቀ መሰላት። ክኒኑ! ስለ እንባው ስትጽፍ ክኒኑን ጭራሽ ረስታዋለች። ቅዳሜ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ክኒኑን ቅዳሜ ቢያቆም ነው፤ ቅዳሜ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ሊቆረጥ አይችልም። ሊመለሱ ነው፤ ያውም ከበር።

«የመጨረሻዋን ማክሰኞ ዋጥኩ» አሉ አባት። «ከረቡዕ ወዲህ አልነካሁም።»

«በጣም ጥሩ» አለች ነርሷ።

«ረቡዕ?» አለች ልጅ። «አባዬ፣ ረቡዕ ነው ያልከው?»

አባት ሰማያዊውን የሆስፒታል ቀሚስ ከኋላ እየያዙ፣ እንደ ንጉሥ ተጀንነው ገቡ። በሩ ተዘጋ።

መተላለፊያው ረጅም ነበር፤ ወለሉ ተወልውሎ ስስ ውኃ የተኛበት ይመስላል። ተንባይዋ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ኮረብታው መጣ። ዛሬ ግን ሰልፍ የለበትም፤ አባቷ ብቻ ናቸው፣ በክራቫትና በሆስፒታል ቀሚስ፣ ሆዳቸው እንደ ፋኖስ በርቶ። ተከተለቻቸው። ኮረብታው ተከፍቶ ዋሻ ሆነ፤ ግድግዳው ለስላሳ፣ እርጥብ፣ የሕፃን ምላስ ቀለም ያለው። ከሩቅ ድምፃቸው ይመጣል፤ ቃሉ አይለይም፤ ማሩ ብቻ ይፈስሳል። በዋሻው ጥግ ትንሿ እንጉዳይ እንግዳ እንደምትጠብቅ ልጃገረድ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ቀለበቷ በቀስታ መጣች፤ አንገቷ ላይ እንደ ሐብል አረፈች። ጥብቅ አለች። ከዚያ ዋሻው ውስጥ አንዳች ነገር የተነፈሰ መሰለ።

ስልኳ ተንጫጫ።

«እንባ!» አለ ዋና ሥራ አስኪያጁ። «እስከ ዛሬ ይኼን እንዴት አላየነውም? አሁን ከአሥር ሆስፒታሎች ጋር ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ሁሉም ጽፈውታል። ቀለበት ለሚገዛን ሁሉ የቤተሰብ ማስለቀሻ ሥልጠና በነፃ እንሰጣለን። ለመሆኑ ስንት ሰው ላይ ነው የተጠናው?»

«ጌታዬ፣ እሱን...»

«ግድ የለም፣ መቶ እላለሁ!» ዘጋው።

ሐኪሟ ወጣች፤ ጓንቷን እያወለቀች ፈገግ አለች። «ሙሉ በሙሉ ወጥታለች። ደምም የለም። ወደ ላብራቶሪ እንልካታለን፤ መልኳ ግን ደግ ነው። አባትሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆነው የአየር ትንበያ ሲያነቡልን ነበር፤ ነገ ፀሐያማ ነው አሉን።»

ተንባይዋ ተቀምጣ የነበረችበት ወንበር ላይ ደግማ ተቀመጠች።

አባት መስኮት አጠገብ ካለው አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። ዓይናቸው ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ገና እዚያ ነው። እጃቸውን ያዘች። ሞቃት ነው።

«አባዬ።»

«አቤት ልጄ።»

«ረቡዕ ዕለት ምን ሆንክ?»

«ረቡዕ...» አሉ አባት፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ። «ረቡዕ ደህና ቀን ነበር።»

«እኔ እኮ ስላለቀስኩ ነው የመጣኸው ብዬ ጻፍኩ። አሥር ሆስፒታል ጽፎታል። አሁን ደውዬ ምን ልበላቸው? ሰው ነገረህ? ሕልም አየህ? ፈርተህ ነው?»

«እንባሽ ጥሩ እንባ ነበር» አሉ። «አይነቀፍም።»

«እሺ፣ ከረቡዕ ጀምሮ ልትመጣ ወስነህ ከነበረ፣ ቅዳሜ ቁጭ አድርገህ ለምን አስለቀስከኝ?»

አባት እጇን ጨበጥ አድርገው ያዙት። ጣሪያውን አዩት፤ መስኮቱን አዩት፤ በመጨረሻም እሷን አዩዋት።

«አላብራራም» አሉ።