የጅርቲጉ ጨረቃ

ሙኒያ የሰው ጨረቃ አቀለጠች። አልተሰበረባትም፣ አልጠፋባትም፤ የእናቷን አሠሪ የሲት ሰውሰንን ቤተሰብ የወርቅ ጨረቃ ጌጥ በገዛ እጇ ማቅለጫ ውስጥ ከታ አቀለጠችው። የታዘዘችው የተነቀለ ማንጠልጠያውን እንድትበይድ ብቻ ነበር።

ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ባለው የእሷና የእናቷ የኪራይ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ ብዙ ሥራ ይጀመራል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ያምራታል። አሁንም ያልተሞረዱ የብር ቀለበቶች፣ ቡሪ ሰፈር ላለ ሱቅ ቃል የገባችው ጉትቻ፣ ከጥቁር እንጨት የጀመረችው አምባር ተደራርበዋል። ኬሚስትሪ ተምራ ተመርቃለች፤ ቢሮ ለቢሮ መንከራተቱ ሲሰለቻት ነው ወደ እሳቱ የዞረችው።

እናቷ ጨረቃውን ስታመጣላት ሁሉንም ገፋ አደረገችው። ወርቁ ጥሩ ነው፤ ጫፉ ግን ሳስቷል፣ ጀርባው ጎድጉዷል። “ይኼ ደግሞ ለሙሽራ!” አለች። በእናቷ በመዲና ዘመዶች ዘንድ፣ ወሎ፣ ለሙሽራ አሮጌ ጌጥ አይሰጥም፤ የአያት ብር ይቀልጥና በስሟ አዲስ ይሠራላታል። ይህን እየሰማች ነው ያደገችው። ስለዚህ ማንንም አልጠየቀችም። አቅልጣ አዲስ ጨረቃ ሠራች፤ ጠርዙንም በጥቃቅን የወርቅ ጠብታ ከበበችው። እንደዚያ ያማረ ነገር ከእጇ ወጥቶ አያውቅም።

መዲና እዚያው ከተማ ሪያድ ሰፈር፣ ሲት ሰውሰን ቤት፣ እያደረች ነው የምትሠራው። ጁምዓ ጠዋት በዕረፍቷ ጌጡን ልትወስድ መጣች። አየችውና ዙሪያዋን ቃኘች።

“አሮጌውስ?”

“እሱ ነው እኮ። ፍንጣሪ አልጎደለውም።”

“ያ ረብ! ገደልሽኝ አንቺ ልጅ!” አለች መዲና፣ አልጋው ላይ ዘፍ ብላ። “ጅርቲግ ላይ ሙሽራው ግንባር የሚታሰረው ትዳሩ የጸና ሰው ያሰረው ጨረቃ ነው! የሲት ሰውሰን አባት አስሮታል፣ ወንድሟ አስሮታል፤ ነገ ማታ ልጇ ሙሃብ ሊያስረው ነው። አዲስ ቢፈልጉማ ሱቅ ሞልቶ!”

“ይቀልጣል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?”

“የኛን ብር! የሰው አገር ወርቅ አቅልጪ ማን አለሽ?”

“የምን የሰው አገር? እዚሁ ነው የተወለድኩት።”

“መወለዱንስ ተወልደሻል፤ ጅርቲግ ግን አልዋልሽም!”

ሙኒያን የሱዳናዊ አባቷ ወገኖች ሰርግ ጠርተዋት አያውቁም። የሙሽሮቹን የቡራኬ ሥርዓት፣ ጅርቲግን፣ የምታውቀው ከስልክ ላይ ነው፤ ቀይ ሐር፣ ሒና፣ የወርቅ ጨረቃ። የሚያምር ጌጥ መስሏት ነበር።

“የአሮጌውን ፎቶ አንስተሻል አይደል?” አለች መዲና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “እንደ ድሮው አድርጊው። መሳሳቱንም፣ መጎድጎዱንም። ኸላስ፣ በቃ፣ ማንም አያውቅም።”

“ቢያውቁስ?”

“ካወቁ ያባርሩኛል። ስለዚህ አያውቁም። ያላ፣ ተነሺ!”

ሙኒያ እሳቱን ለኮሰች። ጠብታዎቹ ቀሉ፣ ተልፈሰፈሱ፣ ጠፉ። ቀጠቀጠች፣ ጫፉን አሳሳች፣ ጀርባውን በመዶሻው እጀታ አጎደጎደች፣ አዲስነቱን በጥላሸት አደበዘዘች። ማንጠልጠያውን በየደችና ለእናቷ ሰጠቻት።

“ራሱ!” ብላ ሳቀች መዲና። “ሰይጣን ነሽ ወላሂ!” በመሐረብ ጠቅልላ ጉያዋ ከተተችው።

ሙኒያ መቀመጥ አቃታት። ቀለበት አነሳች፣ ጣለች። ሞረድ አነሳች፣ ጣለች። ጨረቃ ትዳር አያጸናም፤ ይህን ለማወቅ ኬሚስትሪ መማር አያስፈልግም። እነ ሰውሰን ግን ያጸናል ብለው ነው ልጃቸው ግንባር ላይ የሚያስሩት። እሷ ደግሞ ያልኖረ ዘመን በመዶሻ ቀጥቅጣ ሰጠቻቸው። ይህን ያህል መዋሸት የሚችል እጅ እንዳላት እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። አስጠላት።

“አምጪው፣ እማ።”

“ለምን?”

“እኔው እወስደዋለሁ። ያደረግኩትን ነግሬ እሰጣቸዋለሁ።”

“እንጀራዬንስ?”

“ያቀለጥኩት እኔ ነኝ። አንቺ አላየሽም እላለሁ።”

“እነሱ እናትና ልጅ የሚለዩ መሰለሽ?” መዲና በሩ ላይ ቆመች። “እሺ፣ ጅርቲጉ ይለፍና ንገሪያቸው።”

“ከታሰረ በኋላ ምን ይሠራላቸዋል? አሁን ከሆነ ሌላ ጨረቃ ከዘመድ ይዋሳሉ።”

መዲና መሐረቡን ከጉያዋ አውጥታ፣ ሙኒያ እጅ ላይ ሳይሆን፣ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

“ካባረሩኝ አንቺ ነሽ የምትጦሪኝ፤ በነዚህ ጉትቻዎችሽ!”

“እጦርሻለሁ” አለች ሙኒያ፤ በምን እንደምትጦራት ግን አላወቀችም። መሐረቡን አነሳች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ በእናቷ ጎን አልፋ ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።