የጯሂው አቅጣጫ

"እማ፣ ቁሚ! ቁሚ አልኩሽ!"

ሾፌሯ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሏ ረገጠችው። ፒካፑ በኮረቱ ላይ ተንሸራቶ ከእህል መጋዘኑ በር ፊት ለፊት ቆመ። አቧራው ገና ሳይበተን ልጇ አንቴናዋን ይዛ ወርዳለች።

"አንገቴን ልትሰብሪኝ ነው እኮ!" አለች እናት በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ። "ከኋላዬ መኪና ቢኖርስ? ቢገጨንስ?"

"ከኋላሽ ማንም የለም።"

"ቢኖርስ ነው ያልኩት።"

እንዲህ ነበረች። ገና ያልመጣ መኪና ገጭቷት፣ ገና ያልተነሳ ነፋስ ጣሪያዋን ወስዶባት የምታድር ሴት። ልጇ በትንሹ የአውሮፕላን ማረፊያ የሬዲዮ ቴክኒሺያን ሆና ስትቀጠር፣ "ሌላ ሾፌር ገደል ይከትብኛል" ብላ ደህናውን የከተማ አውቶቡስ ሥራዋን ትታ የማረፊያውን ፒካፕ መንዳት ጀመረች። ከወንበሯ ጀርባ ብርድ ልብስ፣ ፋሻ፣ ገመድና ውሃ አይጠፋም። ባልደረቦቿ "ተንቀሳቃሹ ሆስፒታል መጣ" እያሉ ይስቁባታል። እሷም "ሳቁ፣ ሳቁ፤ ስትወድቁ እንገናኛለን" ትላቸዋለች።

ዛሬ በእርግጥ የወደቀ ሰው ሳይኖር አይቀርም። የእርሻ መድኃኒት የምትረጨው ትንሽ አውሮፕላን ጠዋት እንደተነሳች አልተመለሰችም። አብራሪው በሬዲዮ ማውራት የማይወድ፣ መነሳቱንም ማረፉንም በግድ የሚናገር ሰው ስለሆነ ስሙ "ዝምተኛው" ነው። መጀመሪያ ያሰበለት አልነበረም። ከምሳ በኋላ ግን በላይ ያለፈ የመንገደኞች አውሮፕላን የአደጋ ጩኸት መስማቱን ለማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ነገረ።

ጩኸቱ የሚመጣው ከአውሮፕላን ጭራ ውስጥ ከሚቀመጥ ትንሽ ሳጥን ነው። አውሮፕላኑ መሬት ሲመታ ሳጥኑ በራሱ ተነስቶ በሬዲዮ ይጮኻል፤ የማረፊያው ሰዎችም "ጯሂው" ይሉታል። ይህ የዝምተኛው ጯሂ አሮጌ ነው፤ የት እንዳለ አይናገርም፣ መጮህ ብቻ። የት እንዳለ ማወቅ የልጅቷ ሥራ ነው። አንቴናዋን እያዞረች ድምፁ የሚጎላበትን አቅጣጫ ትይዛለች፣ ካርታው ላይ ታሰምራለች፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ሄዳ እንደገና ታሰምራለች። መስመሮቹ የተገናኙበት ላይ ጯሂው አለ።

ዛሬ መስመሮቹ የተገናኙት እዚህ መጋዘን ላይ ነበር።

የመጋዘኑ ዘበኛ ዱላውን ይዞ ወጣ። "ምን ፈልጋችሁ ነው?"

"አውሮፕላን፤" አለች ልጅቷ።

ዘበኛው እሷንም አንቴናዋንም አየና ወደ ሾፌሯ ዞረ። "ደህና ናት?"

"እናቷ ነኝ፤" አለች ሾፌሯ በቁጣ። "ሥራዋ ነው!"

"እዚህ እንኳ ያለው ስንዴ ነው፤" አለ ዘበኛው፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ልጅቷ አልሰማቻቸውም። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ተጭና ከቆርቆሮው ግድግዳ ሥር ቆመች፤ ከዚያ አንቴናውን ከመቀበያው ነቀለችው። ፊቷ ተለወጠ።

"እዚህ የለም።"

"እንዴት የለም? አንቺ አይደለሽ እንዴ ያመጣሽን?"

"ጯሂው እዚህ ቢሆን ኖሮ ያለ አንቴናም ጆሮዬን ያደነቁረው ነበር። ነቀልኩት፣ ጸጥ አለ። ሩቅ ነው ማለት ነው።" ግድግዳውን በመዳፏ መታችው፤ ቆርቆሮው አስተጋባ። "ይሄ ነው የሸወደኝ! ይሄን የሚያክል ቆርቆሮ ድምፁን እንደ መስታወት መልሶ ሲወረውርብኝ፣ መስታወቱን አይቼ ሰውየው እዚህ ነው አልኩ። ጅል!"

"ራስሽን አትሳደቢ። ታዲያ ሰውየው የት ነው?"

ሁለቱም እኩል ዞሩ። ረጅሙ ግድግዳ የሚያየው ሜዳውን ተሻግሮ ወዳለው ድንጋያማ ተራራ ነበር። እናት ተራራውን በዓይኗ ለካችው። እዚያ መንገድ የለም። ያለው ናዳ ነው፣ እባብ ነው፣ ከልጇ እግር ሥር የሚንሸራተት ድንጋይ ነው።

የመኪናው ሬዲዮ ጮኸ። የማረፊያው ኃላፊ ነበር።

"መጋዘኑ ጋ ደረሳችሁ? በቃ፣ ታወቀ። ጯሂው አንዱ የጣለው ዕቃ ውስጥ ነው። ተመለሱ።"

ልጅቷ ነገሩን አስረዳችው፤ ስለ ቆርቆሮውም ስለ ተራራውም። እሱ ግን ሳትጨርስ አቋረጣት።

"ስሚ፣ ባለፈው የመለዋወጫ ክፍሉ ሰው እንዲህ ያለ ሳጥን ከእጁ ወድቆበት ሲጮህ ከተማውን ስናስስ ዋልን። ሄሊኮፕተር ሁሉ አስነስቼ መሳቂያ ሆንኩ። አሁንም አልደግመውም። ዝምተኛው ድሮም ሳይናገር የሚያርፍ ሰው ነው፤ አንዱ እርሻ ውስጥ ለሽ ብሏል። እናትሽን አቅርቢልኝ።"

ሾፌሯ መነጋገሪያውን ተቀበለች።

"እርስዎ አስተዋይ ሰው ነዎት፤" አላት፤ ድምፁ ለስለስ አለ። "ልጅዎን ይዘው ይመለሱ። እዚያ ተራራ ላይ ብትወጣ እኔ ኃላፊነት የለብኝም።"

እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። እሷ የምትፈልገውን ሌላ ሰው አዘዘላት። ልጇ ብታኮርፍም ታኩርፍ፣ ማታ በሕይወት እቤቷ ታኩርፍ። "እሺ ጌታዬ" ልትል አፏን ስትከፍት እሱ ጨመረ፦

"ደግሞስ ወድቆም ከሆነ፣ እዚያ የወደቀ ሰው የትም አይሄድም። ነገ ጠዋትም እዚያው ነው።"

እናት አፏን መልሳ ዘጋች።

ልጇን አየቻት። ልጅቷ አንቴናውን መልሳ ሰካች፤ ማዳመጫውንም ካንገቷ አውልቃ ዘረጋችላት። ሾፌሯ እስከዛሬ አንድም ቀን አድርጋው አታውቅም፤ ትፈራው ነበር። አሁን አንዱን ጎን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ዊውው... ዊውው... ከላይ ተነስቶ ወደ ታች የሚወርድ፣ ትንፋሽ የማይሰበስብ ጩኸት። ከሩቅ፣ ቀጭን፣ እልኸኛ።

"ያዳምጡኛል?" አለ ኃላፊው።

"እያዳመጥኩ ነው። አንተን ግን አይደለም።"

"ምን አሉ?"

"እኔ ቤቴን ቆልፌ ሦስቴ ተመልሼ የማይ ሴት ነኝ። ክፉ ክፉውን ነው የማስበው። ግን ስለማስበው ሄጄ አያለሁ! አንተ ሳታይ ነው ሰውየውን የቀበርከው። ነገ ጠዋት እዚያው ነው ትለኛለህ? ምኑ ነው እዚያው የሚሆነው?"

"ሴትዮ! መኪናውን ካልመለስሽ ሥራሽን—"

"መኪናው ወደ ተራራው ነው የሚሄደው። ከፈለግክ ናና ቀማኝ።"

መነጋገሪያውን ሰቀለችው። ልጅቷ አፏን ከፍታ ታያታለች።

"ምን ያስገርምሻል? ግቢ! ቀበቶሽን እሰሪ!"

ሜዳውን ሲያቋርጡ ጎማው ይፈነዳል፣ ነዳጁ ያልቃል፣ ዝናብ መጥቶ ይውጠናል እያለች ነዳች። ልጅቷ አንቴናውን በመስኮት አውጥታ "ቀኝ፣ ትንሽ ቀኝ" ትላታለች። ኮረቱ ሲያልቅ መኪናዋን ጎማውን በድንጋይ አስደግፋ አቆመች፤ የእጅ ሬዲዮውንና ፋሻውን ኪሷ ከተተች፤ ውሃውን ይዛ፣ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከልጇ ፊት መውጣት ጀመረች።

"እማ፣ አንቺ ጠብቂኝ እኮ።"

"የምትወድቂ ከሆነ እኔ ላይ ውደቂ።"

"ታዲያ ከኋላዬ ነዋ መሆን ያለብሽ!"

እናት ልጇን አሳልፋ ከኋላዋ ሆነች።

ቋጥኞቹ መሃል ሲገቡ ጩኸቱ ከየአቅጣጫው መጣ፤ ድንጋዩ ሁሉ የሚጮህ መሰለ። ልጅቷ አንቴናውን ነቀለች። አሁን ያለ አንቴናም ይሰማል፤ ቀርበዋል። መቀበያውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እንደሰከረ ሰው ባለችበት ቀስ ብላ ትዞር ጀመር።

"ምን ሆንሽብኝ? ራስሽን አዞረሽ?"

"ዝም በይ እማ፣ በሰውነቴ እየጋረድኩት ነው። ድምፁ ሲደክም ጯሂው ከጀርባዬ ነው ማለት ነው።"

ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች። ከዚያ በአውራ ጣቷ ከትከሻዋ በላይ ወደ ኋላ ጠቆመች።

አውሮፕላኗ ከቋጥኙ በታች በጎኗ ተኝታለች፤ አንድ ክንፏ ተገንጥሏል። ዝምተኛው ወንበሩ ላይ ነበር። ጉልበቱ ከታጠፈው ብረት ሥር ተቀርቅሯል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑ ግን ክፍት ነው።

"መጣችሁ እንዴ?" አለ። "እኔማ ስጠራ ስጠራ... ሬዲዮው ሞቷል። ሞተሩ ነው እኮ፣ ሁለቴ ሳለብኝ፣ ከዚያ ቀጥ። ሜዳው ላይ ላሳርፋት ነበር፣ ነፋሱ ገፋኝ። ውሃ አላችሁ? የበላሁት ጠዋት ነው..."

"ይሄ ነው ዝምተኛው?" አለች እናት፣ ውሃውን አቀብላ ብርድ ልብሱን እያለበሰችው። እግሩን ስትነካው አብራሪው ጮኸ። ብረቱን ሁለቱ ቢታገሉት ንቅንቅ አላለም። ከጉልበቱ በታች የሚደማ ቁስል አለ፤ በፋሻ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። መቁረጫ የያዘ ሰው ካልመጣ አይወጣም፤ ፀሐይዋም ዘቅዝቃለች።

ልጅቷ በእጅ ሬዲዮው ቦታውን ተናገረች። የመለሰላት ኃላፊው ነበር።

"በሕይወት አለ?"

"አለ። ቶሎ ይምጡ፣ እግሩ ተይዟል።"

"እሺ። ጎበዝ። ለሄሊኮፕተሩ ፈቃድ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ሳጥኑን አጥፊልኝ። በላይ የሚያልፍ አብራሪ ሁሉ ጩኸት ሰማሁ፣ ማን ነው፣ ምን አደረጋችሁ እያለ ማማውን አስጨንቆታል።"

ከተገኘ በኋላ ማጥፋት የተለመደ ነው። ልጅቷም ጭራው ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍታ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች። እናቷ የእጇን አንጓ ያዘቻት።

"ቆይ።" ሬዲዮውን ተቀበለች። "ሄሊኮፕተሩ ተነስቷል?"

"ፈቃዱን እየጠየቅኩ ነው አልኩ እኮ።"

"ተነስቷል ወይ ነው ጥያቄዬ።"

"አሁን ከመሸብንም፣ ማለዳ—"

"የሚያልፈው ሁሉ ይጠይቅሃል አይደል?"

"አዎ፣ ለዚህ እኮ ነው አጥፉት የምለው!"

"ይጠይቅህ።"

የልጇን እጅ ከማጥፊያው ላይ አነሳችና ክዳኗን ዘጋች። ጀርባዋን እዚያው ክዳን ላይ አስደግፋ፣ እግሮቿን ዘርግታ መሬት ላይ ተቀመጠች።