በግራ አይቆጠርም

አንድ ትንሽ እጅ… ነጭ አንሶላ ላይ።

ተዘግቷል። ቀኝ እጅ ነው። ጣቶቹ መዳፉን አቅፈው ተኝተዋል፣ የሚነጥቃቸው ሰው ያለ ይመስል። በውስጡ ግን ምንም የለም።

የልጄ እጅ ነው። የሰዓዳ።

ስድስት ዓመቷ ነው። የበሩ ደፍ አደናቅፏት ከሰል ምድጃ ላይ ነው ያረፈችው፣ በመዳፏ። ቁስሉ ድኗል፤ ሐኪሞቹ በደንብ ነው ያዳኑት። የዳነው ቆዳ ግን እያደር ይጠብባል አሉን። ጣቶቿን እየዘረጋች ካላለማመደችው እንደ ጠበበ ይቀራል። እንደ ጠበበ ከቀረ ደግሞ የሚከፈተው በቢላ ነው።

በቢላ… ይህን ሰምቼ ውሃ ጠጣሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

እናቷ አራስ ናት፣ ቤት ቀርታለች። ስለዚህ አስታማሚው እኔ ሆንኩ፤ በእናቶች መሃል አንድ ወንድ፣ አንድ ፔርሙስ ይዞ። ደሴ ነው ሆስፒታሉ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮታችን ላይ ይቆማል፣ ባዶ እጁን እንደመጣ ጠያቂ።

ሲስተር ዘቢደር ትመጣለች። እጅና እግር የምታፍታታ እሷ ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ጣቷ ብርቱ። «ሰዓዲዬ፣ እስቲ ክፈቺልኝ።»

እጇ አልተከፈተም።

ለስላሳ ኳስ አመጣችላት። «ጨበጥ፣ ለቀቅ… ጨበጥ፣ ለቀቅ…» ጨበጠች። አልለቀቀችም።

እኔ ከረሜላ አመጣሁ። «አብሽሪ የኔ እናት፣ ትንሽ ብቻ።» በግራዋ ተቀበለችኝ፣ በጥርሷ ላጠችው፣ በላችው።

እጇ አልተከፈተም።

ከጎናችን ያለውን አልጋ የምታስታምም እትዬ አንጓች ለገብርኤል ጧፍ ተሳለችላት። እኔም ዱዓዬን አደረግሁ። በሁለቱም በኩል ተለመነ።

እጇ አልተከፈተም።

*

እትዬ አንጓች የምታስታምማት ልጇን ነው፤ ትርንጎን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዋርካ ወድቃ እግሯ ተሰብሯል። በገመድ ተሰቅሏል እግሯ፤ በገመዱ ጫፍ ብረት ተንጠልጥሏል። እግሯ ታሰረ እንጂ አፏ አልታሰረም።

ቅልሞሽ ትጫወታለች፣ ቀኑን ሙሉ። አምስት ጠጠር። እናቷ ከግቢው ለቅማ በበረኪና ያጠበችላት። የሆስፒታሉን ትሪ ሆዷ ላይ ትገለብጣለች፣ ጠጠሮቹን ትበትናለች፣ አንዱን ወደ ላይ ትወረውራለች፣ እሱ አየር ላይ ሳለ ሌላውን ትለቅማለች፣ የወረወረችውንም ሳይወድቅ ትቀልባለች።

ቀጭ… ቀጭ… ይላል ትሪው።

ሰዓዳ ተኝታ አየች። ጠጠሩ ሲወጣ ዓይኗ ወጣ፤ ጠጠሩ ሲወርድ ዓይኗ ወረደ። ልጅ ጨዋታን የሚጀምረው በዓይኑ ነው። ማንም አላስተማረኝም ይህን። ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ተቀምጦ ማየት የሥራዬ እኩሌታ ነው።

ከዚያ ከንፈሯ መጣ። ከንፈሯ ይቆጥር ጀመር፣ ያለ ድምፅ።

ከዚያ የከረሜላ ወረቀት ጠቅልላ፣ በግራዋ፣ ወደ ላይ ወረወረች። አንዷ በዚያ አልጋ ለብቻዋ፣ አንዷ በዚህ አልጋ ለብቻዋ። ግን ጎን ለጎን ነበር ብቸኝነታቸው… እና ጎን ለጎን የሆነ ብቸኝነት ብዙ አይቆይም።

«ነይ ወዲህ» አለቻት ትርንጎ። «ዝም ብለሽ ስታይኝ ደከመኝ።»

ሄደች። ወረወረች። ለቀመች። ቀለበች። በግራዋ።

«አይቆጠርም።»

«ለምን?»

«በግራ አይቆጠርም።»

«ቀኜን አሞኛላ።»

«እኔስ እግሬን አሞኝ የለ? በእግሬ ለቀምኩ?»

«አንቺ ልጅ!» አለች እትዬ አንጓች፣ ከምትቆርሰው ዳቦ ቀና ብላ። «የታመመ ሰው እንዲህ ይባላል?»

«ሕጉ ነው እማዬ። እኔ አላወጣሁት።»

«ማን አወጣው?»

«እንጃ። እኛ ሰፈር እንደዚህ ነው።»

በግራ አይቆጠርም። ስንት ሰው የለመነውን እጅ፣ ሳትለምነው፣ አንዲት ሕግ ጠራችው። ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ ቀኙ፣ እንደ ተዘጋ። በጡጫው ጠጠሩን ገፋው። ጠጠሩ ሸሸ። ተከተለው። አውራ ጣቱ ነቅነቅ አለ… ሌባ ጣቱ ነቅነቅ አለ… እንደ ጫጩት አፍ ተላቀቁ ሁለቱ፣ ጠጠሩንም አነሱት።

ያን ጊዜ ክፍሉ ፈነዳ። እትዬ አንጓች እልል አለች። ፊት ለፊት ያለችው እናት አጨበጨበች። እኔ «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ስነሳ ፔርሙሴን ገለበጥኩት።

ሰዓዳ ሁላችንንም አየችን። ጠጠሩን ጣለችው። እጇም ተመለሰ፣ ብርድ ልብሱ ሥር ገባ።

ያን ቀን አልወጣም። በማግስቱም አልወጣም።

*

«ምን አደረጋችኋት?» አለች ሲስተር ዘቢደር።

«ኧረ ምንም! አጨበጨብንላት እንጂ» አለች እትዬ አንጓች።

«እሱ ነዋ። ልጅቷ እየተጫወተች ነበር። እናንተ ስታጨበጭቡ ሕክምና ሆነባት። ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳያያት።»

«ታዲያ ዓይናችንን የት እናድርገው፣ ሲስተር?»

«የፈለጋችሁበት።»

እንዲህ ሆኖ እኛም ጨዋታ ጀመርን፣ ትልልቆቹ። ጨዋታችን አለማየት ነበር።

እትዬ አንጓች የነጠላዋን ጥለት ፈታ ታየው ጀመር፣ ዛሬ የገዛችው ይመስል። ፊት ለፊት ያለችው እናት ወደ ግድግዳ ዞራ አንኮራፋች፣ ሳትተኛ። ሲስተር ዘቢደር ትኩሳት የሌለውን ልጅ ትኩሳት ለካች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ፣ እጅን በሳሙና ስለመታጠብ። ጨረስኩት። እንደገና አነበብኩት።

ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። አላየሁም።

ቀጭ… አለ ትሪው። አላየሁም። ባጃጅ የሚነዳ ሰው ከኋላው ያለውን በጆሮው ነው የሚያውቀው።

«ወደቀብሽ! ተራዬ!»

«ነክቼው ነበር!»

«መንካት መልቀም ነው እንዴ? አምጪ!»

ተጣሉ። አኮረፉ። ታረቁ። በማንም ሽምግልና አይደለም፤ አንዷ ብቻዋን መጫወት ሰለቻት። አንድ ቀን ትርንጎ እግሯ ላይ የተንጠለጠለውን ብረት ፍየል ናት አለች፣ ሰዓዳም ቅጠል መገበቻት፣ ፍየሏም ወለደች። እኔ የመታጠቢያውን ማስታወቂያ በቃሌ ያዝኩት።

ሦስተኛው ጣት መጣ። አላየሁም። አራተኛው መጣ። አላየሁም።

መዳፉ ግን አልመጣም። ለመልቀም ጣት ይበቃል። ለመቅለብ ግን መዳፍ ያስፈልጋል… ሰዓዳ ትለቅማለች፣ የተወረወረው ግን ቀጭ ብሎ ትሪው ላይ ይወድቃል።

«መዳፍሽን ዘርጊዋ! ጠጠር ጡጫ ላይ ይቀመጣል?» ትላለች ትርንጎ። «ወደቀብሽ። ተራዬ።»

*

ከዚያ የትርንጎ እግር ተፈታ። ክራንች ተሰጣት። ሂጂ ተባለች።

በማግስቱ ደግሞ ትልቁ ሐኪም ሊመጣ ነው፣ የሰዓዳን እጅ አይቶ ስለ ቢላው ሊወስን።

ትርንጎ ጠጠሮቿን አንድ በአንድ በቀሚሷ ኪስ ከተተች።

«ተይላት እንጂ!» አለች እናቷ፣ አፍራ።

«አልተውም። የኔ ናቸው። ደግሞ እየመራሁ ነው የምሄደው።»

ሄደች፣ በክራንቿ እየተንጣጣች፣ ሳትሰናበት። ሰዓዳ አለቀሰች። እንደ ታመመ ሰው ሳይሆን እንደ ተሸነፈ ሰው ነበር ለቅሶዋ። ልዩነት አለው። የታመመ ሰው እቀፉኝ ይላል። የተሸነፈ ሰው እንድገም ይላል።

ወደ ግቢው ወረድኩ። ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ዘበኛው መጣ።

«ምን ጠፋብህ?»

«ጠጠር።»

«ጠጠር ይጠፋል?»

«ድቡልቡል ነው የምፈልገው። ለልጅ ነው።»

 ከዚያ ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ እሱም ጎንበስ አለ።

*

በማለዳ ትሪውን አልጋዋ ላይ ገለበጥኩ። ጠጠሮቹ በረኪና በረኪና ይሸታሉ።

«አባ፣ አንተ ትችላለህ?»

«እንዴታ!»

አልችልም ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር ግንባሬን መታኝ። ሁለተኛው አልጋ ሥር ገባ። ሰዓዳ ሳቀች፣ ከሆዷ።

ያን ጊዜ ነው በሩ የተከፈተው። ትልቁ ሐኪም፣ ከኋላው ተማሪዎቹ፣ ከፊቱ ሲስተር ዘቢደር። ሲስተር ክንዷን ዘርግታ በሩ ላይ አቆመቻቸው።

«ዶክተር፣ እስቲ ጦሳን ይዩት» አለች ቀስ ብላ። «ጉሙ ተገለጠ።»

ሐኪሙ ሲስተርን አየ። እኔን አየ፣ በግንባሬ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት አየ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። ተማሪዎቹም ዞሩ። እኔም ዞርኩ። ክፍሉ ሙሉ ጦሳን አየ።

ጦሳን እያየሁ ወረወርኩ። ቀጭ… አለ።

«ወደቀብህ! ተራዬ! አምጣ!»

ግራዋ መጣ፣ ክንዴን ነካው። ቆመ። ተመለሰ።

«በግራ አይቆጠርም» አለች፣ ለራሷ።

ቀኟ መጣ። አላየሁም። በዳሰሳ ነው ያስቀመጥኩላት ጠጠሮቹን፣ እያንዳንዱን፤ የሚያስቀምጥበት ቦታ አገኘ ጣቴ። መዳፏ ሞቃት ነበር። ሻካራ ነበር። ዳር ዳሩ ገና ጎበጥ ያለ ነበር… ግን ሜዳ ነበር።

የመስኮት መስታወት ጦሳን ብቻ አያሳይም፤ ከኋላ ያለውንም ያሳያል። ሐኪሙ መስታወቱን ረጅም ጊዜ አየ።

«ቢላው ይቅር» አለ፣ ለጦሳ የነገረ ይመስል። «ጨዋታው ይቀጥል።»

ሰዓዳ አልሰማችም። ሥራ ላይ ነበረች። በተነች። አንዱን አነሳች። ወደ ላይ ወረወረች።

ጠበቅሁ፣ ትሪው ላይ ሲወድቅ ልሰማው…

ጠበቅሁ…

አልሰማሁም።

ያን ጊዜ ዞሬ አየሁ።

አንድ ትንሽ እጅ… ነጭ አንሶላ ላይ።

ተዘግቷል። በውስጡ ጠጠር አለ።