በላጲስ የጠፉ ስሞች

"ምን እያደረግህ ነው ጋሼ?"

ታላቅ ወንድሟ ቀና አላለም። ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ፣ ላጲስ ይዞ፣ የአንድ መጽሐፍ የኋላ ሽፋን ጥግ ይፈትጋል። ፈተገ፣ እፍ አለ፣ መጽሐፉን በግራው ካለው ክምር ላይ አስቀመጠና ሌላ አነሣ። የላጲሱ ፍርፋሪ ባንኮኒውን አልፎ መሬት ወርዷል።

"እያጸዳሁ ነዋ" አለ። "ከጠዋት ጀምሮ። ወገቤ ሊቆረጥ ነው። አባታችን ይህን ሁሉ መጽሐፍ በእርሳስ ሲሞነጫጭርበት አንቺ ዝም ብለሽ ታዪ ነበር?"

ሚጢጢ ከአከፋፋዩ ዘንድ ያመጣቻቸውን ሁለት ጥቅሎች እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሚጢጢ ያላት አባቷ ነው፤ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ወንበር በተሰበረ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው እሷን ነው፤ ስሙ ግን ተጣብቆባት ቀርቷል። ከባንኮኒው ጀርባ ወዳለው ግድግዳ አየች። ግድግዳው ባዶ ነው። ትናንት ስትዘጋ ስልሳ አራት ካርቶኖች ተደርድረውበት ነበር።

"ካርቶኖቹስ?"

"እነዚያ ያረጁ የጫማ ካርቶኖች? ጓሮ አውጥቻቸዋለሁ። ሰኞ ቆሻሻ የሚያነሡት ይወስዷቸዋል።"

"አንተ ራስህ የላክሃቸው ካርቶኖች ናቸው እኮ!"

"እንግዲያውስ የመጣሉም መብት የእኔ ነው" አለና ሳቀ።

እውነት ነው፤ የላካቸው እሱ ነበር። ሌላ ከተማ ውስጥ ዐሥራ ስድስት ዓመት ጫማ ሸጧል። የሱን ሱቅ ዘግቶ የመጣው አባታቸው ከሞተ በኋላ ነው፤ ይኸው አምስት ሳምንቱ። ይህ በሥዕል የሚተረኩ መጻሕፍት፣ ሰዉ ኮሚክ የሚላቸው፣ የሚሸጥበት ሱቅ ግማሹ ለእሱ፣ ግማሹ ለእሷ ደርሷል። ሰውየው ሰነፍ አይደለም። ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፣ መስታወት ይወለውላል፣ ደንበኛ ሲገባ ከመቀመጫው ይነሣል። ጫማ ቢሆን ኖሮ ማንም አይችለውም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት አግዳሚ ወንበሩን አስወጣ። "ሰው ከተቀመጠ አይገዛም" አለ። ሚጢጢ ዝም አለች፤ ታላቅ ነው። ረቡዕ ዕለት በሩ አጠገብ የነበረውን የእጅ መታጠቢያ ሳፋ ከነጆጉና ከነሳሙናው አነሣ። "ክሊኒክ አስመሰላችሁት" አለ። ያን ጊዜም ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። ሐሙስ መጽሐፉን ሁሉ በላስቲክ ማሸግ ሲጀምር፣ ቢያንስ አቧራ አይነካውም ብላ ራሷን አጽናናች። ዛሬ ቅዳሜ ነው። እንዲህ ያለውን ቀን ያመጣው የእነዚያ ቀናት ዝምታዋ መሆኑ ሲገባት፣ ተናደደች፤ ግማሹ በእሱ ላይ፣ ግማሹ በራሷ ላይ።

ጥቅሎቹን መሬት ላይ ዘጭ አደረገቻቸው።

"የፋቅኸው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ቅጽል ስም። 'ነርሷ'። 'ጢሞ'። 'አንድ ዐይና'። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ በስድብ የተጻፈበት መጽሐፍ ይገዛል?"

"ስድብ አይደለም! ደንበኞቻችን ናቸው። እያንዳንዱ ካርቶን የአንድ ሰው ነው። የአንድ ኮሚክ አዲስ ቁጥር ሲመጣ አባባ ለየሰዉ እየለየ ያስቀምጥ ነበር። ማን ምን እንደሚወድ፣ የት ላይ እንደደረሰ፣ ምን እንደሚያስፈራው ያውቃል። ስም የሚጽፍበት ምክንያት መጽሐፉ ከካርቶን ካርቶን እንዳይደባለቅ ነው።"

"ከፍለዋል?"

"ሲወስዱ ይከፍላሉ።"

"ስለዚህ አልከፈሉም። ያልተከፈለበት ዕቃ የሱቁ ነው። ጫማ ላይ የሰው ስም ተጽፎ አይቼ አላውቅም።"

ምን ብላ ታስረዳው? የግብር መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ከጦርነት ታሪክ ሌላ አላነብም ሲል፣ አባቷ ስለ አንዲት አትክልተኛ የሚተርክ ኮሚክ ካርቶኑ ውስጥ ጣል አድርጎበት ነበር። ሰውየው ተቆጥቶ መለሰው። በሳምንቱ ተመልሶ መጥቶ፣ ዐይኑን ወደ ጣራው እያንከራተተ፣ "ያቺ ሴትዮ ቲማቲሟ በቀለላት እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። አባቷ አልሳቀበትም። ሁለተኛውን ቁጥር ሰጠው፤ የሳቀው ሰውየው ከወጣ በኋላ ነው። ይህ በየትኛው የጫማ ሳጥን ላይ ይጻፋል?

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ጡረተኛዋ አስተማሪ ገቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው አንድ ሰዓት ተቀምጠው አንብበው፣ አንድ መጽሐፍ ገዝተው ይሄዳሉ። ወዲያው ወንበሩ ወደነበረበት ጥግ አመሩና ቆሙ። ከዚያ አንዱን መጽሐፍ አንሥተው የታሸገበትን ላስቲክ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

"አይከፈትም እትዬ" አለ ታላቅ ወንድሟ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ በትሕትና። "ሽፋኑን አይተው ይምረጡ። የፈለጉትን አሳይዎታለሁ።"

"ሽፋኑንማ ከመንገድ ሆኜም አየዋለሁ" አሉ አስተማሪዋ። "ውስጡን ነው የማላውቀው።"

"ውስጡ ሲገዙ ነዋ።"

አስተማሪዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሚጢጢን አዩ። ከዚያ ቀኝ እግራቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። "በል ለካኝ ልጄ። ሠላሳ ሰባት ነኝ፤ ከጎን ሰፋ ያለ ይሁንልኝ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ሚጢጢ በሳቅ ትፈነዳ ነበር። አልሳቀችም። አስተማሪዋ መጽሐፉን በቦታው መልሰው፣ ሲወጡ ትከሻዋን በዝግታ መታ አደረጓት፤ ልቅሶ ቤት እንደሚደረገው። ያ መታ ማድረግ ከጥፊ በላይ አቃጠላት።

ያኔ ነው ትዝ ያላት።

"ጋሼ፣ ሃያ ሰባትስ? የ'ወፍራሙ መርማሪ' ሃያ ሰባተኛ ቁጥር የታለ?"

"ኦ! እሱን ተይው!" ፊቱ በራ። "ይኸውልሽ።"

መሐል ላይ ባቆመው አዲስ የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ብቻውን፣ በወፍራም ላስቲክ ታሽጎ ተቀምጧል። ከሥሩ ዋጋው ተጽፏል፤ ከተለመደው ዐሥር እጥፍ።

"ትናንት ፎቶውን ስልክ ላይ ለቀቅኩት። አሮጌ ኮሚክ የሚሰበስብ አንድ ሰውዬ ወዲያው ደወለልኝ። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ይወስደዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ ምንም እንዳይነካው፣ ምንም እንዳይጻፍበት። እርሳሱን ሳላጠፋው ቢያየው ኖሮ እኮ ጉድ ሆነን ነበር!"

"እሱ የግሪሱ ነው።"

"የማን?"

"የግሪሱ! የመንገድ ሥራ ማሽን የሚጠግነው መካኒክ። ስድስት ዓመት ጠብቆታል። አባባ ሊሞት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው ያገኘው፤ ከአንድ አሮጌ ሣጥን ሥር። እንደ ሕፃን ልጅ ነበር የዘለለው። እኔ ራሴ ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ ዛሬ ከመስክ ይመጣል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በሃያ ስድስተኛው ቁጥር መጨረሻ ላይ ወፍራሙ መርማሪ፣ እጁና እግሩ ታስሮ፣ ጉድጓድ ውስጥ ይጣላል። በሃያ ስምንተኛው ቁጥር የመጀመሪያ ሥዕል ላይ ደግሞ ሠርግ ቤት ተቀምጦ ሲበላ ይታያል። ግሪሱ ያችን አንድ ሥዕል በስሕተት አየ፤ ወዲያው መጽሐፉን ዘጋው። ከሃያ ስምንት እስከ አርባ ያሉትን ሁሉ ገዝቶ፣ አንዱንም ሳይገልጥ፣ አልጋው ሥር አስቀምጧል። እንዴት እንደወጣ የሚያውቅ ሰው ቢነግረው ጠብ ነው። አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባው "በገመድ ነው የወጣው" ብሎት አንድ ወር አኩርፎታል፤ በኋላ ባልደረባው መጽሐፉን በዐይኑም አይቶት እንደማያውቅ አመነ።

ታላቅ ወንድሟ ይህን ሰምቶ ትከሻውን ሰበቀ። "ጥሩ። በዚያ ዋጋ ከገዛ ለእሱ እሸጥለታለሁ። ኪራይ ጨምሯል ሚጢጢ። እኔ የመጣሁት ይህን ሱቅ ላድን ነው እንጂ ልዘጋው አይደለም። አንዱን ዘግቻለሁ፤ ሁለተኛ አልዘጋም።"

የመጨረሻዎቹን ቃላት ሲናገር ድምፁ ትንሽ ሰለለ። ሌላ ቀን ቢሆን ታዝንለት ነበር። ዛሬ ግን የላጲሱ ፍርፋሪ ጫማዋ ላይ ተበትኗል።

ከክምሩ ላይ አንድ የተፋቀ መጽሐፍ አነሣችና ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ሽፋኑን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረገችው። እርሳሱ ጠፍቷል፤ ግን አባቷ ሲጽፍ እጁ ከባድ ነበር። ወረቀቱ ላይ የቀረው ጎድጓዳ መስመር ከብርሃኑ ጋር ብቅ አለ፦ "ነርሷ"። ሌላ አነሣች። "ጢሞ"። ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ እንባውም አናደዳት፤ በክንዷ ጠረገችው።

ግሪሱ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ደረሰ። ሁለት እጁን ከፊቱ ከፍ አድርጎ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ በክርኑ በሩን ገፍቶ ገባ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ እጁን ሳይታጠብ ምንም አይነካም። ወደ ቀኝ ዞረ። ሳፋው የለም። እጁን እንደዘረጋ በግራ በኩል ፈለገው።

"አንቺ ሚጢጢ፣ ውኃው የት ሄደ?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት የመስታወት ሣጥኑን አየው። ቀስ ብሎ ቀረበ። ጎንበስ ብሎ ሽፋኑን አየ፤ ከንፈሩ በፈገግታ ተከፈተ። ከዚያ ዋጋውን አነበበ። ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ እንዳለ ሞተ።

"ይሄ... ደውለሽ የነገርሽኝ ነው?"

"እሱ ነው" አለች።

"ከሌላ ሰው ጋር ተነጋግረንበታል ወዳጄ" አለ ታላቅ ወንድሟ። "ግን በዚህ ዋጋ ከወሰድከው ቅድሚያ ለአንተ ነው።"

ግሪሱ ዘይት የጠገበ ጣቱን ወደ መስታወቱ ሊያስጠጋ ብሎ ሰበሰበው። "ጌታዬ፣ ይህን ልከፍል አልችልም። አላስቸግርዎትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ብቻ ቢያሳዩኝ። አልነካውም፤ እርስዎ ይግለጡልኝ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አያለሁ።"

"ላስቲኩ ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል።"

"ሁለት ገጽ ነው።"

"አልችልም ስልህ።"

ግሪሱ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ወደ ሚጢጢ ዞሮ ዝቅ ባለ ድምፅ "ደውለሽ ባትጠሪኝ ጥሩ ነበር" አላት። "ስድስት ሰዓት ሙሉ በጭነት መኪና ተጉዤ ነው የመጣሁት። አባትሽ አንድም ቀን እንዲህ አላደረገኝም። በይ ካርቶኔንም ለሌላ ሰው ስጪው።"

"ካርቶንህንማ ጥሎታል!" አለች ሚጢጢ። ድምፅዋ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ መደርደሪያው የተነቃነቀ መሰላት። "የሁላችሁንም ጥሎታል! ስማችሁን በላጲስ ሲፈትግ ነው የዋለው! እኔም ማክሰኞ ዝም አልኩ፣ ረቡዕ ዝም አልኩ። ቆይ፣ እንዳትሄድ!"

ባንኮኒውን ዞረች። የሣጥኑን መስታወት ከፈተች።

"ተይ ሚጢጢ" አለ ታላቅ ወንድሟ። "ሰውየው መንገድ ላይ ነው።"

"ይምጣ። ሌላ መጽሐፍ አሳየዋለሁ።"

"ግማሹ የእኔ ነው!"

"ግማሹን ፍቀኸዋል። የቀረው የእኔ ነው።"

መቀሱን አንሥታ ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ሸረከተችው። መጽሐፉን በጀርባው ገለበጠችው። ጥጉ ላይ፣ ወደ ብርሃኑ ሲዘነብል፣ የአባቷ ጎድጓዳ ጽሑፍ ነበር። የሚጽፍ ነገር ፈለገች። የአባቷ እርሳስ፣ ከመቀረጽ ብዛት የአውራ ጣት ያህል የቀረችው፣ ባንኮኒው ላይ ከላጲሱ ጎን ተኝታለች። አባቷ ሁልጊዜ በእርሳስ ነበር የሚጽፈው፤ "ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ?" ይል ነበር። እጇን ወደ እርሳሷ ሰደደች። ላጲሱን አየችው። እጇን መለሰች።

ከኪሷ ውስጥ፣ ጠዋት አከፋፋዩ ዘንድ ጥቅሎቹን ስትረከብ የፈረመችበትን ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣች። በአባቷ መስመር ላይ፣ ጉድጓዱን ተከትላ፣ ጫን አድርጋ ጻፈች፦ "ግሪሱ"።

"በእስክሪብቶ!" ታላቅ ወንድሟ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "በእስክሪብቶ ጻፈችበት!"

"አዎ።"

ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አለችበትና ለግሪሱ ዘረጋችለት። ግሪሱ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። "አልታጠብኩም እኮ" አለ።

"ሳፋው ጓሮ ነው። ሂድ አምጣው። ካርቶኖቹንም በዚያው ይዘህ ግባ፤ ካልቻልክ ተመላለስ።"

ግሪሱ ወደ ጓሮው በር ሮጠ። ሚጢጢ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ጮኸ፤ ግን አልተሰበረም። በመዳፏ ፍርፋሪውን ጠርጋ መሬት ደፋችው። "ነርሷ" የነበረውን መጽሐፍ ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጋ መስመሩን አገኘችና በእስክሪብቶ ተከተለችው። ወንድሟ ክምሩ አጠገብ ቆሟል። ቀና አላለችም። ግራ እጇን ወደ ክምሩ ዘረጋች።

"ቀጣዩን አቀብለኝ" አለችው።